ዘጠኝ ሰዓት፣ ስድስት መቶ

ላሊበላ ውስጥ የቤት ቁጥር የለም የሚል ሰው ተሳስቷል። አለ። ቁጥሩን የሚያውቀው ግን ቀበሌው ብቻ ነው። እኛ ቤታችንን የምንናገረው በሌላ መንገድ ነው፦ «ከዝግባዋ ወደ ላይ ትወጫለሽ፣ ቧንቧው ጋ ሳትደርሽ ትታጠፊያለሽ፣ ውሻ ያለበት ግቢ ነው።» ውሻው ከሞተ ቆይቷል። ዝግባዋም ተቆርጣለች። የአገሩ ልጅ ዝግባዋ የነበረችበትን ያውቃል፤ እንግዳ የሆነ ደግሞ ቆሞ ይጠይቃል፣ አንዱ ይዞት ይሄዳል፣ በዚያው ምሳ በልቶ ይመለሳል። አገር ሰላም ሲሆን ይኼ ችግር የለውም።

እኔና ወንድሜ ይኼን ልማድ ለመለወጥ የተነሣነው ከሰው በልጠን አይደለም። ኔትወርክ ስለጠፋ ነው።

ወንድሜ ትንሽ ይበልጠኛል። ቱሪስት በሚመጣበት ጊዜ ወፍ የሚያዩ ፈረንጆችን ይዞ ተራራ ይወጣ ነበር። ወፍ ለማየት ብሎ ባሕር የሚያቋርጥ ሰው መኖሩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል፤ ግን ይመጡ ነበር። እነሱ ወፍ ሲያዩ ጣታቸውን አይቀስሩም፤ ወፏ ትበራለች። ባሉበት ቆመው በሹክሹክታ «ሁለት ሰዓት ላይ፣ ሠላሳ ሜትር» ይባባላሉ። ራስህን የሰዓት መሐል ላይ እንደ ቆምህ ትቆጥራለህ፤ ፊት ለፊትህ አሥራ ሁለት፣ በቀኝህ ሦስት፣ ከጀርባህ ስድስት፣ በግራህ ዘጠኝ። ወንድሜ ይኼን ከእነሱ ለመደ። መንገዱ ተዘግቶ እንግዳው ሲቀር አሮጌ ባጃጅ ገዛና ሾፌር ሆነ። እኔም አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም፤ ቤት ተቀምጦ ባል መጠበቅ ደግሞ አልችልበትም። ገበያው ዳር ካለው ትልቅ ወይራ ሥር አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ይዤ፣ በሶላር የሰው ስልክ ቻርጅ እያደረግሁ፣ የወንድሜን ደንበኞች ስልክ እቀበል ነበር።

በዚያ ሰሞን ኔትወርኩ መጣ ሲሉት የሚሄድ ነገር ነበር። «ሄሎ፣ ባጃጅ ላኪልኝ፣ ቤቴ ከዝግባዋ ወደ...» ይላል ደዋዩ፣ ጠፋ። መልሼ ስደውል አይገባም። አንድ ቀን ወንድሜ አንድ የታመመ ሰው ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ሲንከራተት ውሎ ባዶውን ተመለሰ። ወይራው ሥር ቁጭ አለና መሬቱን በጣቱ ጫር ጫር እያደረገ፣

«ከተማውን ሰዓት እናድርገው» አለኝ።

«ምን እናድርገው?»

«ይች ወይራ መሐሉ ናት። ከእሷ ተነሥተሽ አቅጣጫውን በሰዓት፣ ርቀቱን በሜትር። ሁለት ቁጥር ብቻ ነው። ኔትወርኩ እስኪጠፋ ሁለት ቁጥር መናገር የማይችል ሰው የለም።»

«አሥራ ሁለቱ የቱ ጋ ይሁን?» እንኳ አላልሁትም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ማን ይጠይቃል? ፀሐይ የምትወጣው በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ የወጣችበት አሥራ ሁለት ነው። ቤተ መቅደሱም ወደዚያ ነው፣ ሰው ሲጸልይም የሚዞረው ወደዚያ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ራሱን ያቀናል፤ ወደ ደቡብ ሦስት፣ ፀሐይ መጥለቂያ ስድስት፣ ወደ ሰሜን ዘጠኝ። ለደንበኞቻችን አንድ በአንድ ነገርናቸው። «የእርስዎ ቤት አራት ሰዓት፣ ሰባት መቶ ነው» ስንላቸው ይስቁ ነበር። ወዲያው ግን ለመዱት። መልመድ ብቻ አይደለም፣ ተረቡበት። አእምሮው ዘገምተኛ ለሆነ ሰው «እሱን ተወው፣ ሁለት ሺህ ሜትር ላይ ነው ያለ» ይሉ ጀመር። ቁጥሩ የትም አልተጻፈም። በሰው ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ ከሁሉ የበዛው ደግሞ በእኔና በወንድሜ ጭንቅላት ውስጥ።

ታጣቂዎቹ ከተማ የገቡት እኛ በደንብ ከለመድነው በኋላ ነው። የማን ወገን እንደነበሩ አልጽፍም፤ መሣሪያ የያዘ ሰው ለእኛ ሁሉም «ጌታዬ» ነው። ከወይራው ወደ ፀሐይ መጥለቂያ ቁልቁል ሲወርዱ ግንባታው ሳያልቅ የቀረ ፎቅ አለ፤ እዚያ ነው ያረፉት። ከተማችን እንዲህ ሲሆን የሚያወጣው ጠባይ አለው። ማንም አይሮጥም። ማንም ጮክ ብሎ ሰው አይጠራም። እጅ ከጋቢ ሥር አይገባም። ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያውቁታል። ስልክ ግን ካልጮኹበት አይሰማም።

ቅዳሜ ነበር፣ ከምሳ በኋላ። ከታጣቂዎቹ አንዱ፣ ገና ጢም ያልያዘ ቀጭን ልጅ፣ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ወደ ሱቄ መጣ።

«ይቆያል?»

«ፀሐዩ ካልሸሸ አይቆይም» አልሁት። ሽቦውን ሰካሁለት። መሣሪያውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

ያኔ የእኔ ስልክ ጠራ። የማውቃት ሴት ናት፣ የአንድ ሽማግሌ ቄስ የልጅ ሚስት። «አባን ጤና ጣቢያ ልናደርስ ነው፣ እግራቸው ቁስሉ አመርቅዞ፣ ሦስት ነን፣ ዘጠኝ፣ ስድስት መ...» ጠፋ። ግድ አልሰጠኝም፤ ቤቱን አውቀዋለሁ። ኔትወርኩ ፈጽሞ ሳይሄድ ብዬ ወደ ወንድሜ ደወልሁ።

«ሄሎ! ትሰማኛለህ? ዘጠኝ ሰዓት! ዘጠኝ! ስድስት መቶ! ሦስት ናቸው፤ ሦስቱንም በአንዴ ውሰዳቸው!»

ዘወር ስል ልጁ ቆሟል። መቼ እንደተነሣ አላየሁም።

«ምንድን ነው ያልሽው?»

«ባጃጅ እየላክሁ ነው።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን ሊሆን ነው?»

ስምንት ተኩል ገደማ ነበር። ወይራው ሥር ድንች የምትሸጥ ሴት ድንቿን በጨርቅ ሰብስባ ተነሣች። ከእሷ አጠገብ ያሉት ሁለት ሰዎችም ድንገት ጉዳይ አስታወሱ። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው እንዴት እንደሚጠፋ አላውቅም፤ ሮጦ የሄደ የለም፣ ቦታው ግን ባዶ ሆነ።

«ሰዓቱ አይደለም ጌታዬ» አልሁ። «አቅጣጫ ነው። ቤት የምናገኝበት ነው። እዚህ መሐል ላይ ትቆማለህ...»  በደንብ አስረዳሁት መሰለኝ፤ ከሰዓት ጉዳይ ስላወጣሁት ነፍሴን ያተረፍሁ መስሎኝ ነበር። ልጁ ግን ወደ መንገዱ ዞሮ አፏጨ።

አለቃቸው መጣ። ጎልማሳ ነው፣ ጸጉሩ ሸበት ያለ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «እህቴ፣ አትፍሪ» አለኝ፤ መፍራት የጀመርሁት ከዚያች ቃል በኋላ ነው። ልጁ የሰማውን አንድም ሳያጎድል ነገረው፤ «ሦስት ናቸው፣ ሦስቱንም በአንዴ ውሰዳቸው» ያልሁትን ሳይቀር። ከእሱ አፍ ስሰማው ለራሴም ሌላ ነገር ሆነብኝ።

«እስቲ እንደገና ንገሪኝ» አለ አለቃው። «መሐሉ የት ነው?»

«ይች ወይራ።»

ከኪሱ ስልክ አውጥቶ ሰሜንን የሚያሳየውን ነገር ከፈተና መዳፉ ላይ አስተካከለው። ወታደር ነው፤ ለወታደር የሰዓት አቅጣጫ አዲስ ነገር አይደለም፣ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ ለእሱ የቀረበ ነው። «አሥራ ሁለት ሰሜን» አለ ለራሱ። እጁን ዘረጋና ወደ ግራው አዞረ። «ዘጠኝ ምዕራብ። ስድስት መቶ ሜትር...»

እጁ የቆመው ያ ያላለቀ ፎቅ ላይ ነው።

 «እኛ ነን» አለ አለቃው፣ ዝቅ ባለችው ድምፁ።

«አይደለም! አሥራ ሁለት እንደዚያ አይደለም፣ አሥራ ሁለት ፀሐይ መውጫው ነው!» ብዬ ጮህሁ። ጩኸቴ እውነት አልመሰለም። የተያዘ ሰው በዚያች ቅጽበት የፈጠረው መሰለ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሽንቴን ጨምድጄ የያዝሁበት ጊዜ የለም።

ከዚያ የባጃጁ ድምፅ ተሰማኝ። የወንድሜን ሞተር ከሌላው እለየዋለሁ፤ ይንተፋተፋል። ወደ ሰሜን ለመውጣት የግድ በወይራው በኩል ማለፍ አለበት። አትምጣ ብዬ ልጮህ ነበር፤ ብጮህ ደግሞ ለምን አትምጣ አልሽው ይሉኛል፤ ስለዚህ አፌን ከፍቼ ቆምሁ። ሙዚቃውን ከፍቶ፣ ክርኑን በጎን አውጥቶ፣ እየሳቀ መጣ። ልጁ መሐል መንገድ ገብቶ መሣሪያውን ደቀነበት።

«የት እየሄድህ ነው?»

ወንድሜ ፈገግታው ገና ከፊቱ አልወረደም። «ዘጠኝ ሰዓት» አለ።

አወረዱት። መሬት ላይ በሆዱ አስተኙት። ባጃጁን ሲፈትሹ ከመቀመጫው ሥር ሩቁን የሚያቀርብ መነጽር አገኙ፤ ፈረንጆቹ ሲሄዱ የተዉለት ነው፣ ልቡ አልችል ብሎት ሳይሸጠው የቀረ።

«ይኼስ?»

«ወፍ ለማየት ነው።»

«ለወፍ!» አለ ልጁ። ሌላ የመጣ ታጣቂ ሳቀ። «የትኛዋን ወፍ ነው ያየኸው? እኛ ጣራ ላይ ያለችዋን?»

የማዳበሪያ ከረጢት የሚያስርበትን የራሱን ገመድ ከባጃጁ ፈትተው እጁን ወደ ኋላ አሰሩት፣ ወይራው ሥር አስቀመጡት። አየኝ። ሳልናገር እንድቆይ ይመስለኛል የፈለገው። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አልተፈጠረልኝም።

«ውሰዱኝና ላሳያችሁ!» አልሁ። «እዚያ ቤት የታመሙ ቄስ አሉ፣ ባጃጅ እየጠበቁ ነው። ሦስት ናቸው። እኔ ቆሜ የምዋሽበት ነገር አይደለም፣ ሄዳችሁ እዩት!»

አለቃው ወንድሜን አየ፣ እኔን አየ። «ጥሩ» አለ። «ሦስት ሰው ባጃጅ ሲጠብቅ ካገኘሁ ወንድምሽ ይፈታል።»

ካላገኘስ አላለም። እኔም አልጠየቅሁም።

እኔ ከፊት፣ አለቃውና ልጁ ከኋላ ሆነን ወደ ሰሜን ወጣን። በየቀኑ የምወጣው አቀበት ነው፤ በዚያ ቀን ግን ሁለት ጊዜ ተደናቀፍሁ። ፊት ለፊታችን የሚመጡት ሰዎች ሲያዩን ወደ ግድግዳው እየተጠጉ ያሳልፉናል፣ ሰላም የሚለኝ የለም። ካለፍን በኋላ በሮቹ ከኋላችን አንድ በአንድ ሲዘጉ ይሰማኛል። ከኋላዬ የልጁ መሣሪያ ማንገቻ ቀለበት ሲንኳኳ ይሰማኛል። ምናልባት መጠበቅ ሰልችቷቸው በእግራቸው ሄደው ይሆናል ብዬ አሰብሁ። እኝህ ቄስ ትዕግሥት የላቸውም፤ ባጃጅ ትንሽ ሲቆይባቸው በትራቸውን አንሥተው የሚወጡ ናቸው። በሌላው ጊዜ ባጃጅ ቆየ ብሎ የሚሄድ ሰው ያናድደኛል። ያን ቀን አቀበቱን እየወጣሁ «ተቀምጠው ያድርጋቸው፣ ተቀምጠው ያድርጋቸው» እል ነበር፤ ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም።

በሩ ዝግ ነው። አንኳኳሁ። ከውስጥ የእግር ድምፅ መጣና ቆመ። እንደገና አንኳኳሁ። የቆርቆሮው በር በትንሹ ተከፈተ፣ ያች የደወለችልኝ ሴት ብቅ አለች። መጀመሪያ እኔን አየች፣ ቀጥላ ከኋላዬ ያለውን አየች። ፊቷ እንደ ተዘጋ መስኮት ሆነ።

«ባጃጅ ጠርተሻል?» አላት አለቃው።

«እኔ?» አለች። «ኧረ እኔ ምንም አልጠራሁ።»

«እትዬ!» አልሁ። «አሁን የደወልሽልኝ! አባን ጤና ጣቢያ ለማድረስ!»

«ተሳስተሽ ይሆናል ልጄ። እኔ ስልክም የለኝ።»

ስልኩ በነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ ተንጠልጥሏል። እኔም አየሁት፣ ልጁም ያየው ይመስለኛል።

ልቆጣት አልቻልሁም። መሣሪያ የያዘ ሰው በር ላይ ቆሞ «አንች ነሽ?» ሲል «አይደለሁም» ማለት እኛ አገር ትምህርት ቤት ሳይገቡ የሚማሩት ነው። ማን ጠራ፣ ማንም። ማን አለ፣ ማንም። ማን አለፈ፣ አላየንም። እናቶቻችን ስንት ሰው በዚያ አትርፈዋል። «ልጄ» ስትለኝም ዓይኗን ዓይኔ ላይ ተክላ ነው፤ እሷ እንደገባት እኔን ይዘው የመጡት ሰው ሊያስጠቁሙኝ ነው፤ አላውቅሽም ብትል እኔንም አባንም ያተረፈች መስሏታል። ወንድሜ ወይራው ሥር ታስሮ እንደተቀመጠ እንዴት አድርጌ በዓይኔ ልንገራት?

«እትዬ፣ በናትሽ» አልሁ። «እውነቱን ንገሪያቸው። ወንድሜን ይዘውታል።»

አመነታች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ግን ሰው ይዘናል እያሉ ማናገርም የታወቀ ነው፤ ያንንም አስባው ይሆናል። «ብቻዬን ነኝ ጌታዬ» አለች ለአለቃው። «እዚህ ቤት የታመመ የለም።»

አለቃው «እንሂድ» አለ፤ ለእኔ ሳይሆን ለልጁ ነው የተናገረው። ልጁ ክንዴን ያዘ። ጣቱ እስከ አጥንቴ ገባ። እኔ ግን የበሩን ቋሚ አቅፌ አልለቅም አልሁ፤ ምን እያልሁ እንደጮህሁ አላውቅም።

ከግቢው ውስጥ የሽማግሌ ድምፅ መጣ።

«ባጃጁ መጣ ወይ?»

ሴትዮዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ምነው ዝም ትላላችሁ? መጣ ወይ? ይኼን ያህል ከሚያስቀምጡኝ በእግሬ ደርሼ እመለስ ነበር!»

አባ ወጡ። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ንጹሕ ጋቢ ለብሰው፣ አንድ እግራቸው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በአንድ እጃቸው መቋሚያቸውን በሌላው ባለቤታቸውን ይዘው። ባለቤታቸው ታጣቂዎቹን ሲያዩ ወደ ኋላ ሊጎትቷቸው ሞከሩ፤ አባ ግን ዓይናቸውም ጆሯቸውም ደክሟል፣ ቀጥለው መጡ።

«ልጄ፣ አንች ነሽ?» አሉኝ በጥላዬ ለይተው። «ምነው ጨከናችሁብኝ? ደግሞ እነዚህ ሁለቱ ምንድን ናቸው? ረዳት ቀጠራችሁ?»

ልጁ ክንዴን ለቀቀ። አባ እንደ ልማዳቸው ከደረታቸው መስቀል አወጡና ወደ መጣው ሰው ሁሉ ዘረጉ። ልጁ መሣሪያውን ወደ ጀርባው ገፍቶ ጎንበስ አለና ተሳለመ። አለቃውም ተሳለመ። እኔም ተሳለምሁ።

«አባታችን» አለ አለቃው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ባጃጅ ጠርተው ነበር?»

«ጠርተን ነው እንጂ! እኔ፣ እሷ፣ ባለቤቴ። ሦስት ነን። ቁስሉ ሊበላኝ ነው።»

ሦስት። ሴትዮዋ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። ያበቃ መስሎኝ ነበር። አለቃው ግን አልጨረሰም። ስልኩን አውጥቶ እንደገና መዳፉ ላይ አስተካከለ።

«አባታችን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። አሥራ ሁለት ሰዓት በየት በኩል ነው?»

እኔን ሳያይ ነው የጠየቃቸው። እንዳልጠቁማቸውም ልጁ በመሐል ገብቶ ቆሟል። አባ አሰቡ። ሲያስቡ ጢማቸውን ይነካካሉ።

«የጠዋቱ ነው የማታው?»



«ሁለት አለ እንዴ?» አለ ልጁ።

«ምን ነካህ ልጄ? በአሥራ ሁለት ትወጣለች፣ በአሥራ ሁለት ትገባለች። ቀኑም አሥራ ሁለት፣ ሌሊቱም አሥራ ሁለት። ይኼ ጠፍቶህ ነው?»

ወንድሜም እኔም፣ ከተማውም ሁሉ፣ ይኼን አስበነው አናውቅም። አለቃው ዞሮ አየኝ። አሥራ ሁለት የፀሐይ መግቢያው ከሆነ ዘጠኝ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ የት እንደሚሄድ ላሰላው ሞከርሁ፣ ጭንቅላቴ ግን አልቆጥር አለኝ። ብቻ አባን አየሁ። ጌታዬ ሆይ፣ አሁን ሌላ ነገር እንዳይሉ።

«እኔ የምቆጥረው ግን ከጠዋቱ ነው» አሉ አባ። «ሰው ቀኑን ከማታ ይጀምራል?» ይኼን ብለው በቁስል እግራቸው እየተጎተቱ ወደ ፀሐይ መውጫ ዞሩ፤ አገልግሎት ላይ እንደሚቆሙት ቀጥ ብለው፣ መቋሚያቸውን ወደ ተራራው ዘርግተው። «ከዚያ ነው።»

አለቃው ከጎናቸው ሄዶ ቆመ። እሳቸው ወዳዩበት አየና ግራ እጁን ዘረጋ። ሰሜን። ከታች ወይራዋ በጣራዎቹ መሐል ትታያለች፤ እሷን አየ፣ የቆምንበትን ግቢ አየ፣ ርቀቱን በዓይኑ ለካ። ስልኩን ኪሱ ከተተ።

«እዚህ አገር» አለ ለልጁ፣ «ሰሜን የሚባል ነገር የላቸውም።»

ወደ ወይራው ስንመለስ እየቀደመኝ ወረደ። «ፍቱት» አለ። ፈቱት። የወንድሜ እጆች አብጠው ጠቁረዋል፣ ጣቶቹ አልታጠፍ ብለዋል፤ ሊነሣ ሲል መሬቱን መደገፍ አቅቶት በትከሻው ወደቀ። አነሣሁት። አለቃው እስክንቆም ጠበቀን።

«ብልህ ናችሁ» አለ። «እኛ ከተማውን ስለማናውቅ ተቸግረናል። ነገ ጠዋት ሁለታችሁም ፎቁ ጋ ትመጣላችሁ። የማን ቤት ስንት ሰዓት፣ ስንት ሜትር ላይ እንደሆነ ትነግሩናላችሁ። ቁጭ ብለን በደንብ።»

«እሺ ጌታዬ» አለ ወንድሜ።

መነጽሩን አልመለሱለትም። እሱም አልጠየቀም።

አባን ጤና ጣቢያ ማድረስ ነበረብን፤ ይቅሩ ብንል ደግሞ ሊጠረጥሩን ነው። ወንድሜ መሪውን መያዝ አልቻለም። ስለዚህ እኔ ነዳሁ። ከዚያ በፊት ባዶ ሜዳ ላይ እንጂ ሰው ጭኜ አላውቅም። ወንድሜ አጠገቤ ተጣብቆ፣ እጆቹን እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ «ፍሬን፣ ፍሬን፣ አሁን ልቀቂ» ይለኛል። ሦስቱ ከኋላ ናቸው። ያች ሴት ከመሣፈሯ በፊት ትከሻዬን ይዛ «ይቅር በይኝ» አለችኝ፤ «ምን አጠፋሽ?» አልኋት፣ ከልቤ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ሲያንገጫግጫቸው አባ «ቀስ በይ ልጄ! እኔን ለሐኪም ነው ለመቃብር የምታደርሽኝ?» እያሉ ይጮሃሉ። ወንድሜ ሳቀ። ሳቁ ግን አልቆመም፣ ቀጠለ፣ ቀጠለ፣ ኋላ ሳቅ መሆኑ ቀረ። ዞሬ አላየሁትም። መንገዱን እያየሁ ነዳሁ።

ከዚያ በኋላ ቤት ገብተን ለእናታችን ነገርናት። አላለቀሰችም። ሰምታ ስትጨርስ ወንድሜን «ስንት ሰው ቤት ታውቃለህ?» አለችው።

«ሁሉንም።»

«እንግዲያስ አንተ እዚህ መገኘት የለብህም» አለች፣ እና ስንቅ ማዘጋጀት ጀመረች።

የሱ ነገር እንደዚያ ነው የተቆረጠው። እሺ ያለውን ቢፈጽም የጎረቤቱን፣ የደንበኛውን፣ የጓደኛውን፣ የቄሱን ቤት በገዛ አፉ ሊያስረክብ ነው፤ እንቢ ቢል እንደገና ይታሰራል፤ ያኔ የሚያስፈታው ሽማግሌ አይገኝም። በማግስቱ ማለዳ ከአንዳንድ ገበያተኞች ጋር ተቀላቅሎ በእግሩ ወጣ። በየት በኩል እንደሄደ አልጽፍም። እኔ ቀረሁ፤ ሁለታችንም ብንጠፋ እናታችንን ይይዟት ነበር። ባጃጁን ለእኔ ተወልኝ፣ ጣቶቹ ገና በደንብ አልታጠፉም ነበር፤ የጫማውን ክር ያሰርሁለት እኔ ነኝ።

አለቃው ረፋዱ ላይ ወደ ሱቄ መጣ።

«ወንድምሽ?»

«አላውቅም ጌታዬ።»

«ቁጥሩስ?»

«እሱ ነበር የሚያውቀው። እኔ ስልክ ቻርጅ ነው የማደርግ።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። እኔም አየሁት።  ስልኩን ዘረጋልኝ፤ «እንግዲያስ ቻርጅ አድርጊልኝ» አለ። አደረግሁለት። ቀኑን ሙሉ እየመጣ ሲቀመጥ፣ እየሄደ ሲመለስ ዋለ፤ ወንድሜን የሚጠብቅ ይመስለኛል። ከሰነበቱ በኋላ እነሱ ሄዱ፣ ሌሎች መጡ፣ እነዚያም ሄዱ። የመጣው ሁሉ ወይራዋ ሥር ማረፍ ይወዳል፤ ጥላዋ ጥሩ ነው።

ደንበኞች አሁንም ይደውላሉ። «ሰባት ሰዓት፣ አምስት መቶ» ይላሉ፣ እንደ ለመዱት። «ምን ማለትዎ ነው? ዛፍ የለም እዚያ አካባቢ? የማን ጎረቤት ነዎት?» እላቸዋለሁ። ይናደዱብኛል። «አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽን!» ይላሉ፤ ኔትወርኩ እስኪጠፋ እጠብቃለሁ፣ ሲጠፋ ቤቱን ስለማውቀው ባጃጁን አስነሥቼ እሄዳለሁ። መሣሪያ የያዘ ሰው ካየሁ በሌላ መንገድ ዞሬ ነው የምሄደው።

ወንድሜ በሳምንት አንዴ ይደውላል፣ ሁልጊዜ ከሌላ ሰው ስልክ። ከኋላው አንዳንዴ በግ ይጮሃል፣ አንዳንዴ መኪና። የት ነህ ብዬ ጠይቄው አላውቅም። እሱም ሊነግረኝ ሞክሮ አያውቅም። «ጣትህ እንዴት ነው?» እለዋለሁ። «አንዷ ትንሽ ትደነዝዛለች» ይላል። «በላህ?» እለዋለሁ። «በልቻለሁ» ይላል፣ ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ስልኩን ይዘን እንቆያለን፣ እስኪጠፋ።